አንድ ክላስተር፣ ብዙ ቨርዥን፦ ሞጁል፣ ስፓክ፣ ኮንዳ ወይስ ኮንቴይነር?

ሦስት ሰዎች አንድ ክላስተር (በመረብ ተያይዘው አብረው የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች) ይጋራሉ እንበል። የአንደኛዋ ኮድ ከፓይተን 3.8 ውጪ አይሠራም። ሁለተኛው አዲሱን ፓይቶርች (የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ) ይፈልጋል፤ አዲሱ ፓይቶርች ደግሞ ፓይተን 3.8ን ከተወ ቆይቷል። ሦስተኛው ከዓመታት በፊት በጂሲሲ 7 (ምንጭ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር) የተገነባ የፎርትራን ፕሮግራም አለው። ውጤቱ በታተመ ጥናት ውስጥ ስለገባ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ሦስቱም ልክ ናቸው።

በራስ ላፕቶፕ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ያልፈለጉትን አውጥቶ የፈለጉትን መጫን ነው። በጋራ ማሽን ላይ ግን አንዱ ያደሰው የሌላውን ያፈርሳል። መፍትሔ ፍለጋ ሲወጣ ደግሞ የስም መዓት ይመጣል፦ ሞጁልስ፣ ኤልሞድ፣ ስፓክ፣ ኢዚቢልድ፣ ኮንዳ፣ አፕቴይነር፣ ኒክስ። አንዱ ጓደኛ «ኮንዳ ይበቃል» ይላል፣ ሌላው «ኮንቴይነር ካልሆነ አይሆንም» ይላል።

ግራ የሚያጋባው ሁሉንም እንደ ተፎካካሪ ማየታችን ነው። ሥራው ግን ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሶፍትዌሩን ከምንጭ ኮዱ መገንባት ነው። ሁለተኛው ተገንብተው ከተቀመጡት መሃል የተፈለገውን ቨርዥን ለተጠቃሚው ማቅረብ ነው። ሦስተኛው የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጥቅል ማሸግ ነው። ሞጁል ያቀርባል እንጂ አይገነባም። ስፓክ ይገነባል፣ ለማቅረብ ግን ብዙ ጊዜ ሞጁልን ይጠቀማል። ኮንቴይነር ያሽጋል። ይህን ከለያችሁ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

## መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ይጭናል የሚለው ነው። አድሚኑ ብቻ ነው ወይስ ማንኛውም ተጠቃሚ? የሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? በጋራ ማሽን ላይ ሩት ለተጠቃሚ አይሰጥም፤ ሩት የሚጠይቅ መንገድ ለተጠቃሚው የተዘጋ ነው።

ሁለተኛው ውጤቱ ይደገማል ወይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ኮድ፣ በያው ዳታ፣ ያንኑ ቁጥር ይሰጣል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን መለኪያ የሚያስታውሰው ከተቸገረ በኋላ ነው። እኔም አንድ ጊዜ የጆብ ስክሪፕቴ (ለክላስተሩ የምልከው የሥራ ትዕዛዝ ፋይል) ላይ ቨርዥን ሳልጠቅስ «ሞጁል ሎድ ፓይተን» ብቻ ብዬ ጽፌ ነበር። ወራት ሠራ። ከአንድ ጥገና በኋላ ዲፎልቱ (ቨርዥን ካልተጠቀሰ የሚጫነው) ወደ አዲስ ቨርዥን ተቀየረ። ጆቡ አልወደቀም፤ ያለ ምንም ስህተት ጨረሰ። ውጤቱ ግን ከነጥብ በኋላ አራተኛው አሃዝ ላይ ተለወጠ። ሦስት ቀን የራሴን ኮድ ስበረብር ሰነበትኩ። ያዳነኝ አንድ አሮጌ ሎግ ነው፤ በአጋጣሚ የተጫኑትን ሞጁሎች ዝርዝር አትሞት ነበር። ጎን ለጎን ሳያቸው ከፓይተኑ ጋር የሒሳብ ላይብረሪውም ተቀይሯል። ጆቡ ቢወድቅ ኖሮ በአሥር ደቂቃ አገኘው ነበር።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። ለሁሉም ማሽን እንዲሆን ተብሎ የተገነባ ፕሮግራም የአዲሱን ፕሮሰሰር አቅም ሙሉ በሙሉ አይጠቀምም። የተገላቢጦሹም አለ፦ ኤቪኤክስ-512 (የአንዳንድ ፕሮሰሰሮች የፈጣን ስሌት ትዕዛዞች) ባለው ኖድ (ከክላስተሩ ኮምፒውተሮች አንዱ) ላይ ለዚያ ፕሮሰሰር ብቻ የተገነባ ፕሮግራም አሮጌ ኖድ ላይ ሲነሳ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይቋረጣል። ብዙ ኖድ ለሚያዳርስ ሥራ ደግሞ ኤምፒአዩ (ኖዶችን እርስ በርስ የሚያነጋግረው ላይብረሪ) ኢንፊኒባንዱን (ፈጣኑን የኖዶች መረብ) ካላወቀው ውድ መረብ ተገዝቶ ሥራው በዘገምተኛው መስመር ይሄዳል።

አራተኛው የፋይል ብዛት ነው። እንደ ሉስተር ያሉ የጋራ ፋይል ሲስተሞች የተሠሩት ትልልቅ ፋይሎችን በፍጥነት ለማንበብ ነው። እልፍ ትንንሽ ፋይሎች ሲከፈቱባቸው ዝርዝሩን የሚይዘው ሰርቨር ይጨናነቃል። ያኔ የሚቸገረው የእናንተ ጆብ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ተርሚናል ይንቀራፈፋል።

የመጨረሻው የሰው ጉልበት ነው። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው ነፃ ናቸው። በጀቱን የሚበላው የአድሚኑ ሰዓት ነው።

## ሞጁልስ እና ኤልሞድ

ሐሳቡን ጆን ፉርላኒ ያቀረበው በ1991 ነው፤ እስካሁንም የአብዛኛው ክላስተር በር ይኸው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቨርዥን የራሱ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። «ሞጁል ሎድ» ስትሉ ያ ፎልደር የሼላችሁ (ትዕዛዝ የምትጽፉበት) ፓዝ፣ ማለትም ፕሮግራም የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር፣ መጀመሪያ ላይ ይገባል። ከዚያ በፊት ጂሲሲን ስትጠሩ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የመጣው ይመልስላችሁ ነበር፤ አሁን የመረጣችሁት ይመልሳል። ሞጁሉን ስታወርዱት ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሌላ ሰው ሼል አይነካም።

ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ኤልሞድ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የሚገኘው ታክ የተባለ የኮምፒውቲንግ ማዕከል ውስጥ በሮበርት ማክሌይ ተሠራ። በሉዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ በቲክል የተጻፉ የቀድሞ ሞጁል ፋይሎችንም ያነባል። ትልቁ ብልጫው እርከን ነው። መጀመሪያ ኮምፓይለሩን ትጭናላችሁ፤ በዚያ ኮምፓይለር የተገነቡት ኤምፒአዮች ያኔ ይታያሉ። ኤምፒአዩን ስትጭኑ በእርሱ የተገነቡት ላይብረሪዎች ይወጣሉ። በመሃል ኮምፓይለሩን ብትቀይሩ ከሥሩ ያሉትም አብረው በተመጣጣኛቸው ይተካሉ፤ ተመጣጣኝ የሌለው ከሥራ ውጪ ሆኖ ይጠብቃል። በጂሲሲ የተገነባ ኤምፒአይ ከኢንቴል ላይብረሪ ጋር ተደባልቆ እኩለ ሌሊት ላይ ጆብ የሚያፈርስበት ታሪክ በዚህ ይቀንሳል።

እርከኑ የሚያስከፍለው ነገርም አለ። አዲስ ተጠቃሚ የሚፈልገውን በዝርዝሩ ውስጥ ያጣና «የለም» ብሎ ይደመድማል። መፍትሔው «ሞጁል ስፓይደር» ነው፤ በእርከኑ ምክንያት የማይታየውን ሁሉ ያሳያል፣ ምን ቀድሞ መጫን እንዳለበትም ይነግራል። ለአዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን መነገር ያለበት ትዕዛዝ ይህ ነው።

የቀድሞው ሞጁልስም አልሞተም። 4ኛው ቨርዥን በ2017፣ 5ኛው በ2021 ወጥቷል። አንድ ኮምፓይለርና አንድ ኤምፒአይ ብቻ ላለው ትንሽ ክላስተር በቂ ነው። ኮምፓይለሩ ከሁለት ካለፈ እኔ ኤልሞድን እመርጣለሁ።

አንድ ጥንቃቄ። ሞጁል ሎድን ባሽአርሲ ፋይላችሁ (ሼሉ ሲነሳ የሚያነበው) ውስጥ አትጻፉ። እያንዳንዱ ጆብ ሳታስቡት ያንን ይወርሳል፤ ችግር ሲመጣም ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

## ስፓክ እና ኢዚቢልድ

ሞጁሉ የሚያቀርበውን አንድ ሰው መገንባት አለበት። ሦስት ኮምፓይለር፣ ሁለት ኤምፒአይና አራት ቨርዥን ካለ፣ አንዲት ላይብረሪ ብቻ 24 ጊዜ ትገነባለች። ይህን በእጅ የሠራ አድሚን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። እነዚህ ሁለቱ የመጡት ለዚህ ነው።

ኢዚቢልድ ቤልጂየም ውስጥ በጌንት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2012 ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ባሕርይው ቁጥብ ነው። ኮምፓይለር፣ ኤምፒአይና የሒሳብ ላይብረሪዎችን በአንድ ስም ያስራቸዋል፤ ለምሳሌ «ፎስ 2023ኤ» ስትሉ ጂሲሲው፣ ኦፕን ኤምፒአዩና የፉሪየር ላይብረሪው ሁሉ ቨርዥናቸው ቁርጥ ያለ ነው። ስብስቡ በተለምዶ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደሳል። እናንተ የምትወስዱት ሌሎች ሞክረው የሠራላቸውን ቅንጅት ነው። ሞጁል ፋይሉንም ራሱ ይጽፍላችኋል። ሩት ሆናችሁ ብታስነሱት ደግሞ እንቢ ይላል፤ ትክክልም ነው።

ስፓክን ቶድ ጋምብሊን በሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2013 ጀመረው። እርሱ ነፃነት ይሰጣል። «ይህ ቨርዥን፣ በዚህ ኮምፓይለር፣ ከዚያ ኤምፒአይ ጋር» ትሉታላችሁ፤ የቀረውን ራሱ አሟልቶ ያሰላል። እያንዳንዱ ቅንጅት የራሱ ሃሽ (ከቅንጅቱ የሚሰላ መለያ) ያለው ፎልደር ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ሃያ ቨርዥን ጎን ለጎን ቢኖር አይጋጭም። ፕሮግራሙ ላይብረሪዎቹ የት እንዳሉ በውስጡ ይዞ ይገነባል። በዚህ ምክንያት የተሳሳተ ሞጁል ቢጫንም በቀላሉ አይታለልም። አካባቢውን (አብረው የሚሠሩትን ፓኬጆች ስብስብ) በሙሉ በሎክ ፋይል (ትክክለኛ ቨርዥኖቹን በሚይዝ ፋይል) መዝግቦ ሌላ ቦታ እንደገና መገንባትም ይቻላል።

ጣጣውስ? አንዲት ትንሽ ምርጫ ስትለወጥ ሃሹ ይለወጣል፤ ከዚያ በእርሱ ላይ የሚመሠረተው ብዙ ነገር እንደገና ሊገነባ ይችላል። «አንድ ላይብረሪ ልጨምር» ብሎ የጀመረ ተጠቃሚ ኮምፓይለር ጭምር ሲገነባ ያመሻል፤ የሆም (የግል ፎልደሩ) ኮታውም ያልቃል። ይህን የሚያቃልል መንገድ አለ። ማዕከሉ የገነባውን ስፓክ እንደ መነሻ ታደርጉና የጎደለውን ብቻ በራሳችሁ ቦታ ትጨምራላችሁ። አድሚናችሁን ይህንን ጠይቁት።

የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ብዙ ተጠቃሚ ለሚያገለግል፣ ድንገተኛ ነገር ለማይወድ ማዕከል ኢዚቢልድ። የራሱን ኮድ ለሚያሳድግና ቅንጅቶችን እየቀያየረ ለሚሞክር ቡድን ስፓክ።

## ኮንዳ

ኮንዳ ከ2012 ጀምሮ ያለ የፓኬጅ መጫኛ ነው፤ ተጠቃሚ በጣም የሚወደውም እርሱን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ማንንም ሳይለምኑ፣ ያለ ሩት፣ በደቂቃዎች ውስጥ የፈለጉትን ፓይተን ወይም አር ያገኛሉ። ተገንብቶ ያለቀውን ስለሚያወርድ ኮምፓይል ማድረግ የለም።

ግን አራተኛውን መለኪያ አስታውሱ። አንድ የዲፕ ለርኒንግ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች አሉት። የዲስክ ኮታችሁ ገና ግማሽ ሳይሞላ የፋይል ብዛት ኮታው ያልቃል። አምስት መቶ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ ፓይተንን ሲያስነሱ እያንዳንዳቸው እነዚያን ፋይሎች ይፈልጋሉ፤ ፋይል ሲስተሙ የሚያቃስተው ያኔ ነው።

ሌላው በዝምታ የሚጎዳው ነገር «ፒፕ ኢንስቶል» (የፓይተን የራሱ ፓኬጅ መጫኛ) ከ«ዩዘር» አማራጭ ጋር ነው። እንዲህ የተጫነ ፓኬጅ ሆማችሁ ውስጥ ሎካል በተባለ ስውር ፎልደር ይቀመጣል። ከዚያ ተመሳሳይ የፓይተን ቨርዥን ያላቸው አካባቢዎች ሁሉ ያዩታል። አዲስ፣ ንጹሕ አካባቢ ፈጥራችሁ ኑምፓይ (የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ) ስትጠሩ የሚመጣው ያ አሮጌው ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ፓይተን ውስጥ ኑምፓይን አስገብታችሁ ፋይሉ ከየት እንደተነሳ አትሙት። መንገዱ በሎካል በኩል ካለፈ ችግሩን አገኛችሁት።

ፈቃዱም መታየት አለበት። የአናኮንዳ ኩባንያ የራሱ ቻናል (ፓኬጅ የሚወርድበት ማከማቻ) ከ200 በላይ ሰው ላላቸው ድርጅቶች በአጠቃላይ ክፍያ ይጠይቃል። ኮንዳ ፎርጅ ግን በማኅበረሰብ የሚተዳደር ነፃ ቻናል ነው፤ ሚኒፎርጅን (የኮንዳ ነፃ መጫኛ) የጫነ ሰው ከመጀመሪያው በእርሱ ይጀምራል። ድርጅታችሁ ትልቅ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ አስተካክሉ።

## ኮንቴይነር

የታወቀው የኮንቴይነር መሣሪያ ዶከር በጋራ ክላስተር ላይ በተለመደው አሠራሩ አይፈቀድም። ከጀርባ የሚሠራው አገልግሎት ሩት ነው፤ እርሱን ማዘዝ የሚችል ተጠቃሚ በተግባር የማሽኑ ባለቤት ነው ማለት ነው። አፕቴይነር ይህን ይፈታል። በ2015 በሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲንጉላሪቲ ተብሎ ተጀመረ፤ በ2021 ወደ ሊነክስ ፋውንዴሽን ሲገባ ስሙ ተቀየረ። ኮንቴይነሩ ውስጥም ያው ተጠቃሚ ናችሁ፣ ያው ፈቃድ አላችሁ። የዶከር ኢሜጆችንም (የታሸጉትን ጥቅሎች) ወስዶ ይቀይራል።

ሁለት ነገር ላይ ተወዳዳሪ የለውም። አንደኛው፣ ያ ሁሉ ትንንሽ ፋይል አንድ ፋይል ይሆናል። የኮንዳ አካባቢያችሁን ኮንቴይነር ውስጥ ብታሽጉት ፋይል ሲስተሙ የሚያየው አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ሁለተኛው አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ሊነክስ የመጣው ከጂሊብሲ (ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የሲስተሙ መሠረታዊ ላይብረሪ) 2.17 ጋር ነው። ድጋፉ ሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ቢያበቃም የሚጠቀሙበት ማሽኖች አልጠፉም። አዲስ ፕሮግራም አውርዳችሁ «ጂሊብሲ 2.28 አልተገኘም» የሚል መልእክት ካያችሁ ሞጁልም ሆነ ፓዝ መነካካት አያድናችሁም። ኮንቴይነር የራሱን ጂሊብሲ ይዞ ስለሚመጣ ያልፈዋል። ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ግን የማሽኑ ነው፤ አብሮ አይታሸግም።

ጂፒዩ ስትጠቀሙ «ኤንቪ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ የማሽኑን የኤንቪዲያ ድራይቨር ላይብረሪዎች ወደ ውስጥ ያስገባል። ብዙ ኖድ ለሚያዳርስ ኤምፒአይ ግን ሥራው ይከብዳል፦ ውስጥ ያለው ኤምፒአይ ከውጪው ጋር መግባባት አለበት። አፕቴይነር በተለምዶ ሆማችሁንም ወደ ውስጥ ያስገባል። ያ ስውር የሎካል ፎልደር አብሮ ይገባል ማለት ነው። ኮንቴይነር ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትመኑ።

የተሠራበትን ሬሲፒ ፋይልም ከኢሜጁ ጋር አስቀምጡ። ኢሜጁ ብቻ ካለ ማስኬድ ይቻላል፤ ማስተካከል ግን ይከብዳል።

## ኒክስ፣ ጊክስ እና የጋራ ስብስቦች

ኒክስ በ2003፣ ጊክስ ከእርሱ በኋላ በ2012 የመጡ፣ ሶፍትዌርን የሚገነቡም የሚያቀርቡም መሣሪያዎች ናቸው። ውጤትን በመድገም ረገድ ከሁሉም ይበረታሉ። ነገር ግን በተለምዶ አድሚኑ አስቀድሞ ሊጭናቸው ይገባል፤ አስተሳሰባቸውን ለመልመድም ጊዜ ይጠይቃሉ። ቡድኑ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው ካለ ጥሩ፣ ከሌለ አሁን አትጀምሩ።

ሰው ለሚያጥረው ማዕከል ሌላ መንገድ አለ፦ ሌሎች የገነቡትን መጋራት። በአውሮፓ ተቋማት የተጀመረው ኢሲ የተባለ ፕሮጀክት በኢዚቢልድ የተገነቡ ሶፍትዌሮችን ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት አዘጋጅቶ፣ ከሴርን (የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል) በመጣው ሲቪኤምኤፍኤስ የተባለ ፋይል ሲስተም በኩል በኢንተርኔት ያደርሳል። ፋይሉ ሲጠራ ብቻ ይወርዳል።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ዋና ሥራው | ማን ይጭናል | መደገም | ፍጥነት | የፋይል ጫና | ጉልበት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሞጁልስ / ኤልሞድ | ማቅረብ | አድሚን፣ በግልም ይቻላል | ቨርዥን ከተጻፈና አሮጌው ካልተሰረዘ | እንደ ግንባታው | የለም ማለት ይቻላል | ትንሽ |
| ኢዚቢልድ | መገንባት | በዋናነት አድሚን | ጥሩ | ከፍተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ስፓክ | መገንባት | አድሚንም ተጠቃሚም | በሎክ ፋይል ጥሩ | ከፍተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ እስከ ብዙ |
| ኮንዳ | የተገነባ ማውረድ | ተጠቃሚ | ቨርዥኖቹ ከተቆለፉ ደህና | መካከለኛ | ከባድ | ትንሽ |
| አፕቴይነር | ማሸግ | መሣሪያውን አድሚን፣ ኢሜጁን ተጠቃሚ | ኢሜጁ እስካለ ድረስ በጣም ጥሩ | ጥሩ፣ ኤምፒአይ ላይ ጥንቃቄ | በጣም ቀላል | መካከለኛ |
| ኒክስ / ጊክስ | መገንባትና ማቅረብ | መጀመሪያ አድሚን | ከሁሉ የተሻለ | ጥሩ | መካከለኛ | ብዙ |

## ለማን የቱ?

ብቻችሁን ለምትሠሩ፣ ሩት ለሌላችሁ። መጀመሪያ ክላስተሩ ላይ ያለውን በሞጁል ስፓይደር ፈልጉ። ካልተገኘ ሚኒፎርጅ። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የተለየ አካባቢ ፍጠሩ፤ ሁሉንም አንድ ላይ አታጭቁ።

በጂፒዩ ሞዴል ለምታሠለጥኑ። ስትሞክሩ ኮንዳ። ቅንጅቱ ሲረጋ ወደ አፕቴይነር አሽጉት፤ በተለይ ብዙ ጆብ በአንድ ጊዜ የምትልኩ ከሆነ።

ኮድ ለምትጋሩ ትንሽ ቡድን። የስፓክ አካባቢ፣ ሎክ ፋይሉ ከኮዱ ጋር በጊት (የኮድ ለውጦች መዝገብ) ውስጥ። አዲስ አባል ሲመጣ ከአንድ ሰው ትዝታ ሳይሆን ከዚያ ፋይል ይጀምራል።

አንድ አድሚን፣ ጥቂት ኖድ፣ ጠባብ በጀት። ኤልሞድን ጫኑ፣ ኢዚቢልድን ተጠቀሙ፣ አፕቴይነርን ክፈቱ፣ ኢሲን ሞክሩ። ኮንዳን አትከልክሉ፤ ብትከለክሉም ሰው ደብቆ ይጭነዋል። ይልቅስ የት እንደሚቀመጥ ንገሩ።

ትልቅ ማዕከል፣ የሶፍትዌር ቡድን ያለው። ኢዚቢልድ ወይም ስፓክ በኤልሞድ እርከን ሥር። ሁለቱንም በአንድ ላይ ማስተዳደር ድካሙ እጥፍ ስለሆነ አንዱን ዋና አድርጉት።

ማንም የማይነካው አሮጌ ፕሮግራም ላላችሁ። ማሽኑ ሳይታደስ በፊት አፕቴይነር ውስጥ አስገቡት። ከታደሰ በኋላ አሮጌዎቹን ላይብረሪዎች ማሰባሰብ በጣም ይከብዳል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ አድሚን ከሆናችሁ አሮጌ ቨርዥን ከመሰረዛችሁ በፊት ከዝርዝሩ ደብቁት። የሚደበቅበትንና የሚሰረዝበትን ቀን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ በመሃል ማን እየጫነው እንደሆነ መዝግቡ። ዲፎልት የምትቀይሩት በታወቀ ቀን ብቻ ይሁን።

ተጠቃሚ ከሆናችሁ እያንዳንዱ የጆብ ስክሪፕት በሦስት ነገር ይጀምር። በ«ሞጁል ፐርጅ» የነበረውን ሁሉ አውርዱ። የምትፈልጉትን ሙሉ የቨርዥን ቁጥሩን ጽፋችሁ ጫኑ። ከዚያ «ሞጁል ሊስት» በሉ፤ ዝርዝሩ ከውጤቱ ጋር በያው ሎግ ውስጥ ይታተማል። ኮንዳ የምትጠቀሙም የፓኬጆቹን ዝርዝር፣ ኮንቴይነር የምትጠቀሙም የኢሜጁን ፋይል ስም እዚያው አትሙት።